በቆላ አገር ፈረስን በጨለማ ስለ ማሠራት

ፈረስ ብዙ ቀን ያለ ሥራ ከቆመ ጉልበቱ እንደሚዝል፥ ያለ ዝግጅት ከተጋለበም እንደሚጐዳ ፈረስ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ባለ ፈረስ ዓመቱን በሙሉ የሚያስበው፥ እንስሳው ሥጋው ሳይከብድ፥ ትንፋሹም ሳያጥር እንዴት እንደሚቈይ ነው። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገዳሪፍ፥ እንዲሁም ከሑመራ ማዶ በሐምዳይትና በመንደር 8 አካባቢ ባለው ቆላ ግን በዚህ አሳብ ላይ የፀሐዩ ብርታት ይጨመርበታል። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ፈረሳቸውን ጎሕ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ አውጥተው ማሠራትን ይመርጣሉ። ዘዴው መልካም ነው፤ ነገር ግን በዓመቱ ወራት ሁሉ እኩል አይደለም። በሚያዝያ ፈረሱን ከሙቀት የሚያድነው ጨለማ በመስከረም ሊገድለው ይችላል።

ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ከቃል ይጀምራል። በሰሜን አውሮፓ ክረምት የሚባለው ብርድና በረዶ የሚበረታበት፥ ቀኑም እጅግ የሚያጥርበት ጊዜ ነው። ለምሳሌ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትታየው ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያ አገር ቀን በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ፈረሱን ማሠራት ቢፈልግ ከሥራው በፊት ወይም በኋላ በጨለማ ከመጋለብ በቀር ሌላ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ፈረስን በክረምት በጨለማ መጋለብ የሚመክሩት የውጭ አገር ጽሑፎች ለእነርሱ ትክክል ናቸው። ገዳሪፍ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 14 ዲግሪ ላይ ያለች ስለሆነች በዓመቱ አጭር የሆነው ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ያላነሰ ብርሃን አለው። የብርሃን ማነስ የዚህ አገር ችግር አይደለም።

ከዚህም ሌላ አማርኛ ተናጋሪው ክረምት ሲል ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብበትን ወራት ማለቱ ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለው ዐረብኛ ተናጋሪ ግን የዝናቡን ወራት ኸሪፍ ይለዋል፤ ሺታ ብሎ የሚጠራው በታኅሣሥና በጥር የሚመጣውን ደረቅና ቀዝቃዛ ጊዜ ነው። እንግዲህ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሁለት ባለ ፈረሶች «በክረምት በጨለማ አሠራው» የሚለውን ምክር ሰምተው አንዱ በጥር፥ ሌላው በነሐሴ ቢፈጽመው የሚያስደንቅ አይደለም። የመጀመሪያው ፈረሱን ያበረታል፤ ሁለተኛው ለትንኝ ይሰጠዋል።

ፈረስ በመሠረቱ የዚህ ቆላ እንስሳ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ስትኖራት የመተማና የገዳሪፍ ምድር ግን ከ600 እስከ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነው። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁበት በመተማው ጦርነት ከደጋ የወረደው የኢትዮጵያ ፈረሰኛና ከወዲያ የመጣው የደርቡሽ ፈረሰኛ በዚህ ሜዳ ላይ ተገናኝተዋል፤ ጦርነቱ የተደረገው በበጋ መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬ በቆላው ከፈረስ ይልቅ አህያና ግመል ይበዛሉ። ሆኖም ውኃና ዕቃ የሚያመላልሰው፥ በሱዳን በኩል ካሮ የሚባለው ጋሪ በአህያም በፈረስም ይሳባል። በቍጥር ብቻ የምትጠራው፥ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የተሰደዱ ብዙ ሰዎች በመሸጋገሪያነት ያረፉባት መንደር 8ም ሆነች በወሰኑ ላይ ያሉት ሌሎች መንደሮች፥ የመኪና መንገድ በዝናብ ሲበላሽ በእንስሳት ጉልበት የሚመኩ ናቸው። ለባለ ጋሪ ፈረሱ ጌጥ አይደለም፤ የልጆቹ እንጀራ ነው። ቢሞትበት ሌላ ለመግዛት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመው ላይበቃው ይችላል።

አሁን ፈረስ ከሥራ ሲወጣ ምን እንደሚደርስበት እንመልከት። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንቶች የሚያጣው ጥቂት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ግን የልቡና የሳንባው ብርታት ይቀንሳል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ወራት ሲያልፉ አጥንቱ ሳይቀር ይለሰልሳል። እንደገና ሥራ ሲጀምር እነዚህ ነገሮች በአንድ ፍጥነት አይመለሱም። ልብና ሳንባ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በጣም ይሻሻላሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ብዙ ወራት ይፈልጋሉ። ብዙ ፈረስ የሚያነክሰው በዚህ ልዩነት ነው። ፈረሱ ትንፋሹ ተመልሶለት ሲፈነጥዝ ባለቤቱ ተስተካከለ ብሎ ያስጋልበዋል፤ ጅማቱ ግን ገና አልጠናም፤ በአንድ ቀን ግልቢያ ይቀደዳል። ስለዚህ ፈረስን ፈጽሞ ከማስቆም ይልቅ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል በእርምጃና በቀስታ ሶምሶማ ማንቀሳቀስ የበለጠ ይጠቅማል። እንዲህ የተያዘ ፈረስ ባይጋለብ እንኳ ጅማቱ ሥራውን አይረሳም።

ሥራው ከዐቅሙ ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመንጋጋው አጥንት ሥር በውስጥ በኩል ጣትን አድርጎ የደም ሥሩን ምት መቍጠር ይቻላል። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ሥራ ካቆመ ከሩብ ሰዓት በኋላ ምቱ ከ60 በታች ካልወረደ ሥራው በዝቶበታል፥ ወይም ሙቀቱ አሸንፎታል ማለት ነው።

የሙቀቱም ነገር እንዲህ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ከሚያወጣው ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ፈረስ ደግሞ ትልቅ ገላ ያለው እንስሳ ስለሆነ ይህን ሙቀት የሚያስወጣው በላብ ነው። በትኩስ ቀን በብርቱ የሚሠራ ፈረስ በአንድ ሰዓት 10 ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያፈስስ ይችላል፤ የፈረስ ላብም ከሰው ላብ ይልቅ ጨው ይበዛበታል። በመጋቢት፥ በሚያዝያና በግንቦት የገዳሪፍ ሜዳ ሙቀት ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፥ ፈረስን በእኩለ ቀን ጭነት ማስጐተት ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ኪሣራም ነው። በነዚህ ወራት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ሥራውን የሚጨርስ ባለ ጋሪ ብልህ ነው። ውኃውን አስቀድሞ፥ በመካከልም፥ በኋላም ይስጠው፤ ላብ ያለበት ፈረስ ውኃ አይጠጣም የሚለው የቆየ ልማድ ብዙ ፈረስ አስጠምቷል። በቀለቡም ላይ በቀን አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ጨው መጨመር ይገባል።

በጨለማ ለሚሠራ ፈረስ ግን መንገዱ መታወቅ አለበት። ፈረስ በደብዛዛ ብርሃን ከሰው ይልቅ አጥርቶ ያያል፤ ነገር ግን ዓይኑ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ለመልመድ ከሰው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፥ ከግማሽ ሰዓትም በላይ ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ከመብራት አጠገብ አውጥቶ ወዲያው መጋለብ ዕውርን እንደ መጋለብ ነው። ፋኖስ ወይም የእጅ ባትሪ የሚይዝ ሰው ብርሃኑን ወደ ምድር ዝቅ ያድርግ እንጂ በፈረሱ ፊት አያወዛውዝ፤ የሚወዛወዝ ጥላ ፈረሱን ያስደነብረዋል። የመኪና መንገድ የሚሻገር ሰው ከጋሪው ኋላ የሚያንጸባርቅ ነገር ወይም ነጭ ጨርቅ ያስር። የጭነት መኪና ነጂ ጨለማ ውስጥ ያለ ጥቍር ፈረስ የሚታየው ከደረሰበት በኋላ ነው።

የዚህ አገር መሬት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዋልካው በዝናብ ጊዜ እንደ ሊጥ ይይዛል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል፥ ስንጥቁም የፈረስ እግር የሚያስገባ ስፋትና ጥልቀት ያለው ነው። ማሽላ ከታጨደ በኋላ በእርሻው ላይ የሚቀረው የአገዳ ጕቶ እንደ ጦር የሾለ ስለሆነ የሰኮናን ሥር ይወጋል። እንግዲህ በሌሊት የሚሄድ ሰው አቋራጭ ፍለጋ በእርሻ መካከል መግባት የለበትም፤ ብዙ ጊዜ ያስረዝማል እየተባለ የሚታለፈው የተረገጠ መንገድ ይሻላል። ጅብ በሚበዛበት ቦታም ብቻን አለመሄድ ለሰውም ለፈረሱም ይበጃል።

እስከዚህ የተነገረው ስለ በጋ ጨለማ ነው። የክረምት ጨለማ ከሌላ አደጋ ጋር ይመጣል፤ ይኸውም የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። ይህ በሽታ ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይተላለፍም። የሚያመጣው በጣም ጥቃቅን የሆነች ትንኝ ናት፤ ከወባ ትንኝ እጅግ ታንሳለች፥ ድምፅዋም አይሰማም። ይህን በደቡብ አፍሪካ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ዱ ቶይት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1944 አረጋገጠ። ትንኟ የምትራባው እርጥብ ጭቃና ፍግ በተቀላቀለበት ቦታ ነው፤ የምትነክሰውም በይበልጥ ፀሐይ ስትጠልቅ፥ ሌሊቱንና ጎሕ ሲቀድ ነው። ባለ ፈረሱ ከሙቀት ሸሽቶ የሚመርጠው ሰዓትና ትንኟ የምትመርጠው ሰዓት አንድ ነው።

በሽታው የደረሰበት ፈረስ ቶሎ ይወድቃል። ጤነኛ ፈረስ የገላው ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሲሆን፥ በዚህ በሽታ የተያዘው 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሆናል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጐድጓዳ ቦታ ያብጣል፤ ትንፋሹ ይጨነቃል፤ በመጨረሻም ከአፍንጫው አረፋ ይወርዳል። ሳንባውን የሚይዘው ዐይነት ከተያዙት ፈረሶች ከ10 ዘጠኙን ያህል ሊገድል ይችላል፤ ጧት እህሉን የበላ ፈረስ ማታ ሬሳ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በቅሎ ከፈረስ ትሻላለች። አህያ ብዙ ጊዜ በሽታውን ችላ ታልፋለች፤ ስለዚህ አህያዬ ደኅና ናት ብሎ ስለ ፈረሱ የሚጽናና ሰው ይታለላል።

ይህ አደጋ ለሰፊው ዓለም አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ለመዝመት በዙላ ባሕር ዳር ሲሰፍር ብዙ ፈረሶችና በቅሎዎች በበሽታ አልቀውበታል፤ የፈረሶቹ በሽታም ይኸው የፈረስ በሽታ እንደ ነበረ ይታመናል። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1959 እስከ 1961 ደግሞ በሽታው ከአፍሪካ ወጥቶ በመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ሕንድ ድረስ ሲዛመት የሞቱት ፈረሶች፥ በቅሎዎችና አህዮች 300,000 ያህል ነበሩ። በ2020 ወደ ታይላንድ ደርሶ በመቶ የሚቈጠሩ ፈረሶችን ገድሏል። በቆላው ወሰን ግን ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ሳይሆን የዝናብ መጨረሻን ተከትሎ የሚጠበቅ ጐረቤት ነው። ብርድ ባለበት አገር ውርጭ ትንኟን ስለሚገድላት በሽታው ያቆማል፤ ቆላው ውርጭ ስለሌለው የሚያቆመው ድርቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሐምሌ ጀምሮ፥ በተለይም በመስከረምና በጥቅምት፥ እስከ ኅዳር ድረስ መጠንቀቅ ይገባል። በተከዜና በአትባራ ዳር፥ ወይም ውኃ በሚተኛበት የመስኖ እርሻ አጠገብ ያለ ሰው በበጋም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይተማመን።

እንግዲህ በክረምት ፈረሱ እንዴት ብርታቱን ይጠብቅ? ፈረሱን አለማሠራት መፍትሔ አይደለም፤ ሰዓቱን መለወጥ ነው። በዝናቡ ወራት ሰማዩ ብዙ ጊዜ ይደምናል፥ የቀኑም ሙቀት ከሚያዝያው ይበርዳል። ስለዚህ ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ፥ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ለሥራ ይመቻል። ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ጧት 2 ሰዓት ግን ፈረሱ በጋጣ ውስጥ ይዋል፤ የጋጣው በርና መስኮት በጠባብ ወንፊት ወይም በስስ ጨርቅ ይጋረድ። በነፋሻና ከፍ ባለ ቦታ የተሠራ ጋጣ በረግረግ ዳር ካለው እጅግ ይሻላል፤ ትንኟ ደካማ በራሪ ስለሆነች ነፋስን አትችልም። ጭስም ይረዳል፤ ነገር ግን ጋጣውን ዘግቶ ማጨስ የፈረሱን ሳንባ ስለሚጐዳ ጭሱ ከነፋሱ በኩል በውጭ ይሁን። ጭቃው የሚብስ ከሆነ በጠጠር መንገድ ላይ መምራት ይበቃል፤ ኮርቻ መጫን እንኳ አያስፈልግም። ሥራው ሲቀንስ እህሉም አብሮ ይቀነስ። ለሁለትና ለሦስት ቀን ቆሞ እንደ ወትሮው እህል የተመገበ ፈረስ ድንገት ሲሠራ ጡንቻው ይተሳሰራል፥ ሽንቱም ይጠቍራል፤ ይህን ያየ ሰው ፈረሱን አንድ እርምጃ እንኳ ሳያስኬድ ሐኪም ይጥራ። ለለጋ ማሽላም መጠንቀቅ ነው፤ በክረምት አረንጓዴው ስለሚያምር ፈረስን በእርሻ ዳር ማሰር የተለመደ ነው፥ ግን ለጋው ማሽላ መርዝ አለበት።

የሰዓቱ ለውጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም በደጋው የሚታየው የአዊ ፈረሰኞች ልማድ ያስረዳል። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፥ በሺህ የሚቈጠሩ ፈረሶች ተሸልመው በሜዳው ላይ ይሰግራሉ። ከዝናቡ መውጣት እስከዚያ ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ሦስት ወር ያህል ነው። ክረምቱን ሙሉ ታስሮ የከረመ ፈረስ በዚህ ጊዜ ልቡና ሳንባው ሊመለስ ይችላል፤ ጅማቱ ግን ለሜዳው ግልቢያ ላይደርስ ይችላል። በክረምት በቀን ብርሃን በቀስታ ሲንቀሳቀስ የከረመው ግን በኅዳር ሶምሶማውን፥ በታኅሣሥ ግልቢያውን ይጨምራል። ለቆላው ባለ ፈረስም ሒሳቡ ይኸው ነው። ኅዳር አልፎ ምድሩ ሲደርቅ በጨለማ የሚጋለበው ፈረስ በክረምቱ በቀን የተዘጋጀው መሆን አለበት።

ክትባት ደግሞ አለ። በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት፥ ዛሬ ቢሾፍቱ በምትባለው ከተማ፥ የተቋቋመው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለዚህ በሽታ ክትባት ከሚያዘጋጁት አንዱ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፥ በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ዘጠኝ ዐይነት ሲሆን በአንዱ ዐይነት የተከተበ ፈረስ ከሌላው ላይድን ይችላል፤ ስለዚህ የተከተበም ቢሆን በመሸ ጊዜ በጋጣ ይግባ። ሁለተኛ፥ ክትባቱ ኃይል የሚያገኘው ከሳምንቶች በኋላ ነው፤ ከተከተበም በኋላ ፈረሱ ለጥቂት ሳምንት ከከባድ ሥራ ማረፍ አለበት። ስለዚህ ክትባቱ ዝናቡ ሳይጀምር፥ ቢዘገይ በሚያዝያ መጨረሻ መጠናቀቅ ይገባዋል። በነሐሴ አንድ ፈረስ ሲሞት ደንግጦ ለክትባት መሰለፍ ዘግይቶ መምጣት ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ውስጥ በተነሣው ጦርነት መድኃኒት ማግኘት ስለ ከበደ፥ በወሰኑ ላይ ያለ ባለ ፈረስ ጊዜውን ቀደም አድርጎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የአስተዳደር ሠራተኞችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው፤ አብዛኛውም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። የውኃ መቅጃ ቦታዎች በክረምት ማታ ማታ የሚከፈቱ ከሆነ ባለ ጋሪው ፈረሱን ትንኝ በምትበዛበት ሰዓት በጭቃ መካከል አሰልፎ እንዲያቆም ይገደዳል። መቅጃው ከጧቱ 2 ሰዓት በኋላ ቢከፈትና ከቀኑ 10 ሰዓት ቢዘጋ፥ በዙሪያውም የተኛው ውኃ በትንሽ ቦይ ቢፈስስ፥ ብዙ ፈረስ ይተርፋል። ገበያ ላይም የፈረስ መቆሚያው ከፍግ ክምር ራቅ ይበል። ፈረስ በድንገት ሲሞት የቀበሌው ሹም በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ያስታውቅ፤ ባለቤቱ የሚጠየቅበት ነገር እንደሌለ አስቀድሞ ቢነገረው አይደብቅም። ያልሞቱት ፈረሶች ሙቀት በየጧቱና በየማታው ይለካ፤ ከ38.5 ዲግሪ ያለፈው ከሥራ ይውጣ፥ ከሌሎቹ ተለይቶ በተጋረደ ጋጣ ይታሰር፥ ሐኪምም እስኪያየው ውኃ ሳይጓደልበት በጥላ ይቈይ። ከበሽታው የተረፈ ፈረስ ካለም ልቡ ሊጐዳ ስለሚችል ቢያንስ አራት ሳምንት ሙሉ ማረፍ አለበት፤ ከዚያም በኋላ ሥራው በእርምጃ ይጀመር።